መነጽር አውልቆ ዓይን ውስጥ ሌንስ ማስተከል፦ ለማን ይሆናል? ለማንስ አይሆንም?



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከምትልኩልኝ ጥያቄዎች ውስጥ ተደጋግሞ የመጣ አንድ አለ። «ዶክተር፣ ዓይን ውስጥ የሚተከል ሌንስ አለ አሉ። መነጽር ሰልችቶኛል፣ ላስተክለው ወይ?» የሚል ነው። ልደታ በምሠራበት ክሊኒክም ስልኩን ከፍቶ ቪዲዮ የሚያሳየኝ ሰው አላጣም። ቪዲዮው ላይ አንዲት ወጣት መነጽሯን ቅርጫት ውስጥ ትጥልና እየሳቀች ትወጣለች። አለቀ። ከዚያ በፊት ምን እንደተደረገ፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚመጣ የሚነግረን የለም።

አጭሩ መልሴ ይኸውላችሁ። ሕክምናው በእርግጥ አለ፤ ለሚሆንለት ሰው ሲሠራ ጥሩ ሕክምና ነው። ነገር ግን ለሁሉም አይሆንም። ለሚሆንለት ሰውም ቢሆን ሌንሱ የሚተካው መነጽሩን ነው፤ ዓይኑን አይቀይረውም። ይህችን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ። ለምን እንደምደጋግማት ወደ ታች ስትወርዱ ይገባችኋል።

«ሌንስ ማስገባት» ሲባል የቱ ነው?

በእኛ አገር «ሌንስ ማስገባት» ሲባል ሁለት የተለያዩ ኦፕሬሽኖች ይቀላቀላሉ። ባለፈው አንድ ወጣት እናቱን ይዞ መጣ። እናት የሞራ ግርዶሽ አለባቸው፤ እሱ ደግሞ ማይነስ 3 መነጽር ያደርጋል። «ዶክተር፣ እንግዲህ ለሁለታችንም ሌንሱን አንድ ላይ ብታስገባልን?» አለኝ። እናትየው ቀበል አድርገው «ልጄ፣ የእኔን ብቻ ሥራልኝ። እሱ መነጽሩ ያምርበታል» አሉኝና ሁላችንም ሳቅን። እማማ ግን ሳያውቁት ትክክለኛውን ነገር ነበር የተናገሩት።

የዓይናችን መሀል ላይ የምናያት ጥቁር ክብ ብሌን ትባላለች። ከእሷ ኋላ ተፈጥሯዊ ሌንስ አለ። ይህ ሌንስ በዕድሜ፣ በስኳር በሽታ፣ በአደጋ ወይም በመድኃኒት ምክንያት ሲደፈርስ የዓይን ሞራ እንለዋለን። በሞራ ኦፕሬሽን የደፈረሰው ሌንስ ይወጣና በቦታው ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተካል። ይህ የእማማ ኦፕሬሽን ነው።

ሁለተኛው ኦፕሬሽን ሌላ ነው። እዚህ ተፈጥሯዊው ሌንስ ጤነኛ ነው፣ አይነካም። በፊቱ ሌላ ስስ ሌንስ ይጨመርለታል። በቀላሉ መነጽሩ ከአፍንጫ ላይ ተነሥቶ ዓይን ውስጥ ገባ እንደማለት ነው። ብዙ ጊዜ የሚጠራው «አይሲኤል» በሚለው ስም ነው። ልጅየው የጠየቀኝ ይህንን ነበር።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የሞራ ኦፕሬሽን የጠፋ ብርሃን ይመልሳል። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በአገር አቀፍ ደረጃ በተሠራው ጥናት ከሕዝባችን 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ነበር፤ ከዚህም ግማሽ ያህሉ (49.9 በመቶ) በሞራ ምክንያት ነው። ስለዚህ ቤታችሁ ውስጥ ሞራ ያለበት እናት ወይም አባት ካለ፣ ገንዘቡም ጊዜውም መጀመሪያ የሚውለው እዚያ ላይ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታልን ጨምሮ በመንግሥት ሆስፒታሎች የሚሠራ ሕክምና ነው፤ «እርጅና ነው» ብላችሁ አታስቀምጧቸው።

ሁለተኛው ኦፕሬሽን ግን በመነጽር አጥርቶ ለሚያይ ሰው የሚደረግ ነው። በጤነኛ ዓይን ላይ ምርጫ ሆኖ የሚሠራ ኦፕሬሽን ስለሆነ መስፈርቱ ይጠብቃል። ከዚህ በታች የማወራው ስለዚህኛው ነው።

ማይነስ ማለት ምን ማለት ነው?

ሩቅ ማየት የሚቸገር ሰው ዓይኑ «ደካማ» ነው እንላለን። አብዛኛውን ጊዜ ግን ችግሩ ድካም ሳይሆን ርዝመት ነው። የአዋቂ ሰው ዓይን ከፊት ወደ ኋላ ሲለካ 24 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ምስሉ ከኋላ ባለው ሬቲና በሚባለው ስስ ሽፋን ላይ ማረፍ አለበት። ዓይኑ ከረዘመ ምስሉ ሬቲናው ጋ ሳይደርስ ፊት ለፊቱ ላይ ይቀርና ሩቁ ይደበዝዛል። ዓይን በ1 ሚሊ ሜትር ሲረዝም የመነጽሩ ቁጥር ከ2.5 እስከ 3 ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ማይነስ 9 የሆነ ሰው ዓይኑ 3 ሚሊ ሜትር ያህል የረዘመ ነው ማለት ነው።

3 ሚሊ ሜትር ምን አላት ትሉ ይሆናል። ማይነስ 10 የሆነ ሰው ያለ መነጽር አጥርቶ የሚያየው እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ድረስ ብቻ ነው። ስልኩን አፍንጫው ላይ ካላስጠጋ አያነብም። መነጽሩ ከተሰበረበት ሜክሲኮ ታክሲ ተራ ላይ ቆሞ መኪናውን በዓይኑ ሳይሆን ረዳቱ «ጦር ኃይሎች! ጦር ኃይሎች!» ሲል በጆሮው ነው የሚለየው። ሌሊት ልጇ ሲያለቅስባት መጀመሪያ መነጽሯን በዳበሳ የምትፈልግ እናት አለች። እነዚህ ሰዎች «ሰለቸኝ» ሲሉ ቅንጦት አይደለም፣ እረዳቸዋለሁ።

ሌዘርስ?

«ታዲያ ሌዘር አይሻልም?» የምትሉ አላችሁ። ሌዘር የሚሠራው ኮርኒያ በምንለው፣ የዓይናችን የፊተኛው ጥርት ያለ መስታወት ላይ ነው። ኮርኒያ መሀሉ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው ውፍረቱ። ሌዘሩ ከዚህ ላይ እየላገ ቅርጹን ያስተካክላል። ለእያንዳንዷ ቁጥር ከ12 እስከ 15 ማይክሮን ያህል ይነሣል፤ 1 ሚሊ ሜትር 1000 ማይክሮን ነው። ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ ችግር የለም። ማይነስ 10 እና 12 ላይ ግን የሚነሣው በዝቶ የሚቀረው ይሳሳል። የሳሳ ኮርኒያ ደግሞ ከጊዜ በኋላ ሊወጣጠርና ሊያብጥ ይችላል። ለዚህ ነው «ሌዘር አይሆንልህም» ተብለው የተመለሱ ሰዎች ስለሚተከለው ሌንስ የሚጠይቁት። የሚተከለው ሌንስ ከኮርኒያው ምንም አይልግም።

ይህ ሌንስ ከየት መጣ?

ዓይን ውስጥ ሰው ሠራሽ ሌንስ ለመጀመሪያ ጊዜ ያስገባው እንግሊዛዊው ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ ነው፤ እ.ኤ.አ. ኅዳር 29 ቀን 1949 ለንደን በሚገኘው ሴንት ቶማስ ሆስፒታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጦር አውሮፕላን አብራሪዎች ዓይን ውስጥ የገባው የኮክፒት ፕላስቲክ ስብርባሪ ዓይኑን እንደማያስቆጣው አስተውሎ ነበር። ከዚያ ዓይነት ፕላስቲክ ሌንስ አሠርቶ ለሞራ ታካሚ አስገባ። የሥራ ባልደረቦቹ ለዓመታት ተቃውመውታል። ዛሬ ግን የሞራ ኦፕሬሽን ያለ ሌንስ የሚታሰብ አይደለም።

ጤነኛውን ሌንስ ሳያወጡ ከብሌን ኋላ ሌላ ሌንስ የመጨመሩን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1986 በተግባር የጀመረው የሞስኮው የዓይን ሐኪም ስቪያቶስላቭ ፊዮዶሮቭ ነው። የልደታ ሰው በባልቻ ሆስፒታል በኩል የሩሲያ ሐኪሞችን ከድሮ ጀምሮ ያውቃቸዋል፤ ይህኛው ግን ለብዙዎቻችን እንግዳ ስም ነው። የመጀመሪያዎቹ ሌንሶች ችግር ነበረባቸው። ተፈጥሯዊውን ሌንስ እየነኩ ሞራ ያመጡ ነበር። ቁሱም ቅርጹም እየተሻሻለ መጥቶ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት አይሲኤልን በታኅሣሥ 2005 (እ.ኤ.አ.) ፈቀደ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ትልቁ ለውጥ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ናት። ዓይናችን ውስጥ ሁልጊዜ የሚመነጭና የሚፈስ ፈሳሽ አለ። ሌንሱ መንገዱን ከዘጋው የዓይን ግፊት ይጨምራል። ስለዚህ ድሮ ከኦፕሬሽኑ በፊት አይሪስን (ባለቀለሙን ክፍል) በሌዘር መብሳት ግድ ነበር። አዲሱ ሌንስ ግን መሀሉ ላይ 0.36 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ቀዳዳ አለችው፤ ፈሳሹ በእሷ ያልፋል። ይህኛው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ።

«ከምን ነው የሚሠራው?» ብለው የሚጠይቁኝ አሉ፣ ጥያቄው ተገቢ ነው። አይሲኤል ከለስላሳ ፕላስቲክና ከአሳማ ከተወሰደ በጣም ጥቂት ኮላጅን ነው የሚሠራው። ሙስሊምም ሆነ ክርስቲያን ለሆናችሁ ይህ የሚያሳስባችሁ ከሆነ ከኦፕሬሽኑ በፊት እወቁት፣ ከሃይማኖት አባታችሁ ጋርም ተመካከሩ። ኮላጅን የሌላቸው፣ ከአይሪስ ፊት የሚቀመጡ ሌሎች ሌንሶችም አሉ። የእነሱ ጥቅምና ጉዳት የተለየ ስለሆነ ከሐኪማችሁ ጋር አወዳድሩት።

ለማን ይሆናል?

ፍላጎት ብቻውን አይበቃም፤ የሚወስነው ልኬቱ ነው። የአሜሪካው ፈቃድ የሚለውንና እኛም የምናያቸውን ነገሮች ላስቀምጥላችሁ፦

✅ ዕድሜ፤ እ.ኤ.አ. በ2022ቱ ፈቃድ ከ21 እስከ 45 ዓመት ነበር።

✅ ቁጥሩ ከማይነስ 3 ጀምሮ። እስከ ማይነስ 15 ድረስ ያርማል፤ ከዚያ በላይ እስከ ማይነስ 20 ድረስ ይቀንሳል እንጂ ሙሉ በሙሉ ላያጠፋው ይችላል።

✅ ቁጥሩ የቆመ መሆኑ። በአንድ ዓመት ውስጥ ከግማሽ ቁጥር በላይ ከተቀየረ ገና ነው። ስለዚህ የድሮ የመነጽር ወረቀታችሁን ይዛችሁ ኑ።

✅ ቦታ መኖሩ። ከኮርኒያው ጀርባ እስከ ተፈጥሯዊው ሌንስ ያለው ክፍተት ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ጠባብ ዓይን ውስጥ ይህን ሌንስ ማስገባት ቤት ሳይኖር ሶፋ መግዛት ነው።

✅ የኮርኒያው የውስጠኛ ሴሎች በቂ መሆናቸው። እነዚህ ሴሎች ኮርኒያውን ጥርት አድርገው ያቆዩታል፤ ከሞቱ አይተኩም። በልዩ መሣሪያ ይቆጠራሉ።

✅ ግላኮማ፣ ሞራ፣ የዓይን ውስጥ ብግነት ወይም ያልተስተካከለ ስኳር የሌለበት። እርጉዝ የሆነችና የምታጠባ እናት ትቆይ፤ በዚያ ጊዜ ቁጥሩ ሊዋዥቅ ይችላል።

ለማን አይሆንም?

እዚህ ላይ «አይ» ካልኳቸው ሰዎች ሦስቱን ላንሣ።

የመጀመሪያው አንድ ሹፌር ነው፤ ማይነስ 1.75። «ወንድሜ፣ አንተ መነጽር አድርገህ ጥርት አድርገህ ታያለህ። ለዚህች ቁጥር ጤነኛ ዓይን አይከፈትም» አልኩት። ቅር አለው። ከወር በኋላ ቀለል ያለ ፍሬም አሠርቶ መጣ፣ ተስማምቶታል።

ሁለተኛዋ የ46 ዓመት መምህርት ናት። ማይነስ 5 ናት፤ ለማንበብ መነጽሯን ታወልቃለች። አርባን ስንሻገር ተፈጥሯዊው ሌንሳችን እየጠነከረ ቅርብ ማየት ያስቸግረናል። የሚተከለው ሌንስ ይህንን አያስቆመውም። እሷ ብታስተክል ሩቁ ይጠራላታል፣ ግን የተማሪዎቿን ደብተር ለማረም አዲስ መነጽር ትገዛለች። «ታዲያ ምኑን ተገላገልኩ?» አለችኝ። ልክ ናት።

ሦስተኛው የ22 ዓመት ተማሪ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ዓይኑን ያሳክከዋል፣ ያሻል። በየስድስት ወሩ መነጽር ይቀይራል፣ አሁን ግን በመነጽርም አይጠራለትም። ሲለካ ኮርኒያው እየሾጠጠ ነው፤ ኬራቶኮነስ ይባላል። ለእሱ የሚያስፈልገው ሌንስ ሳይሆን መጀመሪያ ሹጠቱን የሚያስቆም ሕክምና ነው። ወላጆች ልብ በሉ፦ የአዲስ አበባ አቧራ፣ አለርጂና ዓይን ማሸት አብረው ከመጡ ልጁን ዓይን ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። ከፋርማሲ በራሳችሁ የምትገዙት የዴክሳሜታዞን ጠብታ ማሳከኩን ያስታግሳል፤ ለወራት ሲጨመር ግን ግላኮማና ሞራ ያመጣል። እባካችሁ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትጠቀሙ።

የተሰወረው ቀዳዳ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ።

የ27 ዓመት ወጣት ናት፣ ሒሳብ ሠራተኛ። ማይነስ 11። ውጭ አገር ሄዳ ለማስተከል ወስናለች። የዕቁብ ብሯ ደርሷታል፤ እናቷም የአንገት ወርቃቸውን ሊሸጡላት ነው። እኔ ዘንድ የመጣችው የሕክምና ወረቀት ለማጻፍ ብቻ ነበር። «ብሌንሽን በጠብታ ከፍቼ ኋላውን ሳላይ አልጽፍም» አልኳት። «ዶክተር፣ ሥራ አለኝ፣ ጠብታው ለሰዓታት ያደበዝዘኛል» አለች። በማግስቱ ፈቃድ ወስዳ መጣች።

በግራ ዓይኗ ሬቲና ዳር ላይ ቀዳዳ ነበር። ምንም አላመማትም፣ ምንም አላየችም። ቀዳዳ ካለ ፈሳሽ በእሱ ሾልኮ ሬቲናውን ከግድግዳው ሊገነጥለው ይችላል። የተገነጠለ ሬቲና በቶሎ ካልታከመ ብርሃን ይጠፋል። በሬቲና ስፔሻሊስት ዙሪያውን በሌዘር ተበየደላት፣ ጉዞው ተራዘመ። ከወራት በኋላ ሬቲናዋ ተረጋግቶ ሲታይ ሌንሱ ተተከለላት። ስትመለስ ያለችኝን አልረሳውም፦ «ዶክተር፣ ጠዋት ስነቃ ጣሪያውን አየሁት።» ሃያ ዓመት መነጽር ያደረገ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል።

ለምን ቀዳዳ ወጣ? መልሱ ከላይ አለ፤ ዓይኑ ረዥም ነው። ዓይን ሲረዝም ሬቲናው እንደተለጠጠ ጨርቅ ይሳሳል። ከማይነስ 6 በላይ የሆነ ሰው ለሬቲና መላቀቅ፣ ለግላኮማና ቀድሞ ለሚመጣ ሞራ ተጋላጭነቱ ከሌላው ሰው ይበልጣል። ሌንሱ ደግሞ ዓይኑን አያሳጥረውም። ከኦፕሬሽኑ በኋላም ዓይኑ ያው ረዥሙ ዓይን ነው፤ ሬቲናውም ያው ስሱ ሬቲና ነው።

ይህንን ካልነገርኳችሁ የሚሆነውን በሌላ ታካሚ አይቻለሁ። አንድ የ38 ዓመት ነጋዴ ውጭ አገር ሌንሱን ካስተከለ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሩቅ ያያል፣ መኪና ይነዳል፣ ደስተኛ ነው። አንድ ቀን በቀኝ ዓይኑ ጥግ እንደ መብረቅ ብልጭ ይልበት ጀመር። ከዚያ ጥቁር ነጠብጣብ እንደ ዝንብ ተንሳፈፈበት። «ዓይኔ እኮ ድኗል» ብሎ ተወው። መጋረጃ የመሰለ ጥላ ከታች ወደ ላይ እየወጣ ሲሸፍነው ነው የመጣው፤ በ12ኛው ቀን። ኦፕሬሽን ተደርጎ ሬቲናው ተመለሰ፣ ዕይታው ግን እንደ ድሮው አልሆነም። በመጀመሪያው ብልጭታ ቀን ቢመጣ ኖሮ ምናልባት በሌዘር ብቻ ያልፍ ነበር። ያስተከለለት ሐኪም ሌንሱን በትክክል ነው ያስቀመጠው። ሰውየው ያልተነገረው ወይም ያልሰማው ነገር ቢኖር ማይነስ 12ነቱ አብሮት እንዳለ ነው።

የኦፕሬሽኑ ቀንና ከዚያ በኋላ

ኦፕሬሽኑ ራሱ ብዙ ሰው እንደሚፈራው አይደለም። ኮንታክት ሌንስ የምትጠቀሙ ከልኬቱ በፊት ሐኪሙ በሚነግራችሁ መጠን ማቆም አለባችሁ፤ ኮርኒያውን ስለሚጫነው ልኬቱን ያዛባል። በዕለቱ ብሌኑ በጠብታ ይከፈታል፣ ዓይኑ በጠብታ ይደነዝዛል። 3 ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነች ቀዳዳ የተጠቀለለው ሌንስ ይገባና ውስጥ ይዘረጋል፤ ከአይሪሱ ኋላ፣ ከተፈጥሯዊው ሌንስ ፊት ይቀመጣል። ለአንድ ዓይን ግማሽ ሰዓት እንኳ ላይፈጅ ይችላል። ብዙዎች በማግስቱ ጥሩ ያያሉ።

የዚያኑ ቀን ግፊት ይለካል፤ በማግስቱ፣ በሳምንቱ፣ በወሩ፣ ከዚያም በየዓመቱ ክትትል አለ። በሌንሱና በተፈጥሯዊው ሌንስ መካከል የሚቀረው ክፍተትም ይለካል። ክፍተቱ ከሩብ እስከ ሦስት ሩብ ሚሊ ሜትር ቢሆን ይመረጣል። ከጠበበ ሞራ ያመጣል፣ ከሰፋ ግፊት ያመጣል። መጠኑ የማይስማማ ከሆነ ሌንሱ ይቀየራል።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዓይን አይታሽም፣ ውሃ አይገባበትም። ጸጉር ቤት ስትሄዱ ወደ ኋላ ተንጋልላችሁ ታጠቡ። ጠበል የምትጠመቁ ወገኖቼ ሐኪማችሁ እስኪፈቅድ ድረስ ዓይናችሁ ውስጥ እንዳይገባ አድርጉ፤ ለአገልጋዩም ንገሩት። ከከሰል ጭስና ከአቧራ ራቁ። የታዘዘውን ጠብታ በሰዓቱ አድርጉ፣ «ተሻለኝ» ብላችሁ አታቋርጡ።

ጉዳቱስ?

ጉዳት የሌለው ኦፕሬሽን የለም። ማታ መብራት ዙሪያ ቀለበት ማየት በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ያጋጥማል፤ ሌሊት የሚነዱ ሰዎች ይህን አስቀድመው ይወቁ። የዓይን ግፊት ሊጨምር ይችላል። ሞራ ቀድሞ ሊመጣ ይችላል። የኮርኒያ ሴሎች ከዓመት ዓመት ሊቀንሱ ይችላሉ። ከሁሉ አስፈሪው የዓይን ውስጥ ኢንፌክሽን ነው፤ እምብዛም አይከሰትም፣ ሲከሰት ግን ዓይን ያጠፋል።

«ካልተስማማኝ ይወጣል አይደል?» ትሉኛላችሁ። አዎ፣ ሌንሱ ይወጣል፤ ከሌዘር የሚለይበት ትልቅ ጥቅሙም ይህ ነው። ነገር ግን በመካከል የሞተ ሴል ወይም የመጣ ሞራ ከሌንሱ ጋር አብሮ አይወጣም።

ከኦፕሬሽኑ በኋላ ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ ቀን አትቁጠሩ፣ ሌሊትም ቢሆን ሂዱ፦

🔴 ከባድ የዓይን ወይም የግንባር ሕመም ከማቅለሽለሽ ጋር
🔴 እየባሰ የሚሄድ መቅላትና የዕይታ መደብዘዝ
🔴 ብልጭታ፣ ድንገት የበዙ ተንሳፋፊ ነጠብጣቦች፣ መጋረጃ የመሰለ ጥላ (ይህኛው ከዓመታት በኋላም ቢሆን)

ብር ከመክፈላችሁ በፊት

እዚህም አሠራችሁት ሕንድ፣ ቱርክ ወይም ታይላንድ፣ ጥያቄዎቹ አንድ ናቸው፦

1. ብሌኔ በጠብታ ተከፍቶ የሬቲናዬ ዳር ታይቷል ወይ?
2. የኮርኒያ ሴሎቼ ስንት ናቸው? የፊተኛው ክፍተቴስ ስንት ሚሊ ሜትር ነው? (በጽሑፍ ውሰዱት)
3. የሚተከለው የትኛው ሌንስ ነው? ከምን የተሠራ ነው?
4. የመጠን ስህተት ቢኖር የሚቀየርበት ወጪ የማን ነው?
5. ወደ አገሬ ስመለስ ማን ይከታተለኛል?

አምስተኛውን አትርሱ። የጉዞና የኦፕሬሽን ብር ይዞ የክትትል ብር ያልያዘ ሰው ግማሽ ሕክምና ነው የገዛው። ሌንሱ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ስለሆነ ዋጋው ይለዋወጣል፤ የሁለቱንም ዓይን፣ የምርመራውንና የመድኃኒቱን ጠቅላላ ድምር በጽሑፍ ጠይቁ። ብድር ውስጥ ገብታችሁ ወይም የእናታችሁን ወርቅ ሸጣችሁ ለማድረግ አትቸኩሉ። ሌንሱ ዛሬ ባይተከል ዓይናችሁ አይጠፋም። ሳይታይ የቀረ የሬቲና ቀዳዳ ግን ሊያጠፋው ይችላል።

ካስተከላችሁም በኋላ ሁለት ወረቀት አትጣሉ። አንደኛው የሌንሱ ካርድ ነው፤ ዓይነቱ፣ ኃይሉና መለያ ቁጥሩ አለበት። ሁለተኛው የድሮው የመነጽር ወረቀታችሁ ነው። ነገ አንድ ሐኪም ዓይናችሁን ሲያይ መነጽር የላችሁምና ጤነኛ ሊመስላችሁት ይችላል። «እኔ ማይነስ 11 ነበርኩ፣ ሌንስ አለኝ» በሉት። ያን ጊዜ የት ላይ ማየት እንዳለበት ያውቃል።

እንግዲህ የዛሬው ሥራችሁ ይህ ይሁን። እናንተም ሆናችሁ ቤተሰባችሁ ውስጥ ያለ ሰው ቁጥሩ ከማይነስ 6 በላይ ከሆነ፣ ሌንስ ቢያስተክልም ባያስተክልም፣ በዓመት አንድ ጊዜ ብሌኑ ተከፍቶ ሬቲናው ይታይ። ለዚህ ውጭ አገር መሄድ አያስፈልግም፤ አቅራቢያችሁ ያለ የዓይን ሐኪም በጠብታና በመብራት ያየዋል። የዚያን ቀን መኪና አትንዱ፣ የሚያደርሳችሁ ሰው ያዙ። ልጆቻችሁንም አስለኩ፤ የማይነስ ወላጅ ልጅ ማይነስ የመሆን ዕድሉ ከፍ ይላል፤ ክፍል ውስጥ ሰሌዳው ሳይታየው «ሰነፍ» እየተባለ የሚቀመጥ ልጅ ብዙ ነው።

ጥያቄ ካላችሁ አስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልኝ፣ በቻልኩት እመልሳለሁ። መነጽሩ ለሰለቸው ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት።

ብርሃናችሁን ይጠብቅላችሁ። ጤና ይስጥልኝ።